ከመተማ ጎንደር በሚቆራረጥ መስመር

ጥያቄ፦ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ እገዛለሁ። የናሙና ቪዲዮ ጎንደር ላለው ወንድሜ ስልክለት ኔትወርክ ይቋረጥና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሲንክቲንግ የሚባለው የፋይል ማመሳሰያ መተግበሪያ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ፋይሉን ከ128 ኪሎባይት ጀምሮ ባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ስለሚልክ፣ መስመሩ ሲመለስ የጎደለውን ብቻ ይጨርሳል። መሃል ላይ ፋይል የሚያስቀምጥ ሰርቨር ግን የለውም፤ የሁለታችሁም ስልክ በተመሳሳይ ሰዓት ኦንላይን መሆን አለበት። ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ እደሩ፤ የመተማ የቀን ሙቀት እንደሆነ ስልክም አያሠራ።

ለአንድሮይድ ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ይጫኑ፤ የቀድሞው መተግበሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. ቆሟል። አደራ፣ ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ፎልደር በእርስዎ ስልክ ላይ «መላክ ብቻ» በሚለው ያድርጉት። አለዚያ ወንድምዎ ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፋው ቪዲዮ ከእርስዎም ስልክ ይጠፋል።