ከፋዩ ማን ነው? (አድራጊና ተደራጊ ግስ በውል ጽሑፍ)

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች፣ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ለይታችሁ ያዙ።

አንዲት ተማሪ ከመቂ ወደ አዳማ ሄዳ በአንድ የግል ኮሌጅ ትምህርት ጀመረች እንበል። የትምህርት ክፍያዋን ሊሸፍንላት ቃል የገባው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በምዝገባ ቀን የፈረመችበት ቅጽ ግን «ድጋፉ ቢቋረጥ ቀሪው ክፍያ በወቅቱ ይፈጸማል» ይላል። በሁለተኛው ዓመት ውጤቷ ከተወሰነው ነጥብ በታች ስለ ሆነ ድርጅቱ ድጋፉን አነሣ። ኮሌጁም ክፍያውን ከእርሷ ጠየቀ። እርሷ «ሊከፍል ቃል የገባው ድርጅቱ ነው» ስትል፣ ኮሌጁ «የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አላት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 እንደሚደነግገው፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። ድርጅቱ ከኮሌጁ ጋር ያደረገው ውል ከሌለ፣ ኮሌጁ የሚያውቀው የፈረመለትን ሰው ነው። ስለዚህ የድጋፉ መቋረጥ ብቻውን ዕዳን አያስቀርም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ድርሻውንም ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እንዲከፍል ደነገገ። ተማሪው ይህን ግዴታ የሚገባው በፊርማው ነው።

ለ. ማብራሪያ

«ይፈጸማል» የሚለው ግስ ተደራጊ ነው። በተደራጊ ግስ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ነገር ባለቤት ይሆናል፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው ግን ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

1. ክፍያው በወቅቱ ይፈጸማል።
2. ተማሪዋ ክፍያውን በወቅቱ ትፈጽማለች።
3. ድርጅቱ ክፍያውን በወቅቱ ይፈጽማል።

በ1ኛው ከፋዩ አልታወቀም። በ2ኛውና በ3ኛው ግን «ክፍያው» የተሳቢ ምልክት «ን» ጨምሮ ተሳቢ ሲሆን፣ ከፋዩ ባለቤት ሆኖ ወጣ። ተደራጊ ግስ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ተገቢ ነው። ግዴታን በሚገልጽ ጽሑፍ ግን አድራጊው መታወቅ አለበት።

ልብ በሉ፦ አንዲት ፊደልም ትርጉም ትለውጣለች። «ድጋፉ ቢቋረጥ ተማሪዋ ትከፍላለች» ሲል ዕዳው ወደ ተማሪዋ ይዞራል። «ድጋፉ ቢቋረጥም ድርጅቱ የጀመረውን ዓመት ይከፍላል» ሲል ግን «ም» የድርጅቱን ግዴታ አጽንታ ታቆያለች።

ዕድሜያችሁ 18 ዓመት ካልሞላ፣ ስለ እናንተ የሚፈርመው ወላጃችሁ ወይም ሞግዚታችሁ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ አንብቡ።

ሐ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ አድራጊ ግስ ለውጡ። አድራጊውን ራሳችሁ ጨምሩ።
ሀ) የምዝገባው ገንዘብ አይመለስም።
ለ) ውጤቱ ዝቅ ካለ ድጋፉ ይሰረዛል።
ሐ) ያልተከፈለው ሒሳብ እስኪጠናቀቅ ማስረጃ አይሰጥም።

2. በምንባቡ የተጠቀሰችውን ተማሪ ሆናችሁ፣ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ለኮሌጁ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ድጋፉ ቢቋረጥ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል ጠይቁ። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ግስ እንዳይኖር ተጠንቀቁ።