የወይን ዝርያዎች ጣዕምና ጠባይ፦ ዘቢብን ከራሳችን አጸድ ለማግኘት

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በሞጆ ከተማ የሚገኝ አንድ ደብር ለመሥዋዕት የሚሆነውን ዘቢብ ከገበያ መግዛትን ትቶ ከራሱ አጸድ ለማግኘት በማሰብ በቅጽሩ ውስጥ ወይን ተከለ። ሐረጉ ጸደቀ፣ ለመለመ፣ ዳሱንም ሸፈነ። ነገር ግን ማፍራት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘለላ አልታየበትም። አንዳንዱ ምእመን መሬቱን፣ ሌላው ችግኙን ወቀሰ። መሬቱም ችግኙም አልበደሉም፤ ምክሩን የሰጠነው እኛ ነበርን፣ ጥፋቱም የእኛ ነው። የዝርያውን ጠባይ ሳንለይ ለወይን ሁሉ አንድ ዓይነት አገራረዝ አስተምረን ነበር። ይህ ትምህርት ያ ስሕተት በሌላ ደብር እንዳይደገም የተዘጋጀ ነው።

፩. ወይንና ሥርዓታችን

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዳሴ የሚቀርበው የፈላ ወይን ጠጅ ሳይሆን፣ በውኃ ተዘፍዝፎ የተጨመቀ ዘቢብ ነው። ልማዱ የቆየ ለመሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ምስክር ነው፤ ካህናት ከዘቢብ እየጨመቁ እንደሚቀድሱ ጽፏል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ዝርያ ሲመርጥ የሚጠይቀው «ጥሩ ጠጅ የሚወጣው የትኛው ነው?» ብሎ ሳይሆን፣ «ጥሩ ዘቢብ የሚሆነው የትኛው ነው?» ብሎ ነው።

፪. ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

የወይን ፍሬ ሦስት ክፍል አለው። ሥጋው ጣፋጭነትንና ኮምጣጣነትን ይሰጣል። ቅርፊቱ ቀለምንና መዓዛን ይይዛል። ፍሬ ውስጥ ያለው ዘርና ቅርፊቱ ደግሞ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው ምላስን የሚያኮማትረውን ታኒን ይይዛሉ። የአብዛኞቹ ቀይ ወይኖች ሥጋ ነጭ ነው፤ ጭማቂው የሚቀላው ከቅርፊቱ ጋር ሲቆይ ነው። ዘቢብም ከመጨመቁ በፊት በሚገባ ሲዘፈዘፍ ቀለሙና ጣዕሙ ይወጣል። ዘር ያለው ዘቢብ ከሆነ ዘሩ እንዳይደቅቅ በቀስታ መጨመቅ ይገባል፤ የደቀቀ ዘር ያመራል።

፫. ዋና ዋና ዝርያዎች

ከሞጆ በስተ ደቡብ በባቱ (ዝዋይ) ካስትል የተባለው ድርጅት ሰፊ የወይን እርሻ አለው፤ የመጀመሪያ ምርቱንም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። በዚያ ከሚለሙት ውስጥ አራቱ እነዚህ ናቸው።

ካቤርኔ ሶቪኞን፦ ፍሬው ትንሽ፣ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ታኒኑ ብዙ ነው። ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጣዕሙ ጥቁር እንጆሪን ያስታውሳል።

ሜርሎ፦ ከካቤርኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ ለስላሳ ነው፣ ፕሪም ፕሪም ይላል።

ሲራ፦ ቀለሙ ጥቁር ነው፤ ከመዓዛው ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል።

ሻርዶኔ፦ ነጭ ወይን ነው፤ ፖምና ሎሚ የሚመስል ጣዕም አለው።

አራቱም ለመጥመቂያ የተመረጡ ናቸው። ዘር ስላላቸውና ፍሬያቸው ትንንሽ ስለሆነ ለዘቢብ አይመረጡም። ለዘቢብ የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው።

ሱልጣና (ቶምሰንም ይባላል)፦ ዘር የለውም፤ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ጣፋጭ ነው፣ መዓዛው ግን ደካማ ነው። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ዘቢብ አብዛኛው የዚህ ዝርያ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ቢሆንም በፀሐይ ሲደርቅ ይጠቁራል።

የእስክንድርያ ሙስካት፦ ጥንታዊ ዝርያ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ዘር ያለው፣ መዓዛው የብርቱካን አበባን የሚመስል ነው።

በገበያ የሚታየው ወርቃማ ዘቢብ ብዙ ጊዜ እንዳይጠቁር በድኝ ጭስ የታከመ ነው፤ በላዩ ላይ ዘይት የተቀባም አለ። ገዥው ኮሚቴ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ዘቢቡም በሚገባ ይታጠብ።

፬. በሞጆ ሲተከል

ሞጆ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ፀሐያማ ከተማ ናት። በአገራችን ወይንን የሚያስተኛ ብርቱ ውርጭ ስለሌለ የሐረጉን ወቅት የሚወስነው መግረዣው ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ገርዘን በመስኖ ብንከባከበው፣ በአራትና በአምስት ወር ውስጥ በደረቁ ወራት ይደርሳል። በዝናብ የደረሰ ፍሬ ይሻግታል፤ የተሰጣ ዘቢብም ይበላሻል።

የስሕተታችንም ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዝርያዎች ሁለት ዓይን ብቻ ቀርቶላቸው አጥረው ቢገረዙ ያፈራሉ። የሱልጣና ሐረግ ግን ከግንዱ አጠገብ ያሉት ዓይኖቹ ቅጠል እንጂ ዘለላ አይሰጡም፤ ፍሬ የሚሰጡት ከዚያ ራቅ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ረዥም ዘንግ ሊተውለት ይገባል። እኛ ያስቆረጥነው ፍሬውን ራሱን ነበር። ደብሩ ረዥም ዘንግ ትቶ በገረዘ በተከታዩ ወቅት ዘለላ አየ።

የመስኖው ውኃ የፋብሪካ ፍሳሽ ያልተቀላቀለበት ይሁን። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እሸት ወይን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይታሰብ።

፭. ለውይይት

፩ኛ. ደብራችን በዓመት ምን ያህል ዘቢብ ይጠቀማል? ለዚያስ ስንት ሐረግ ይበቃል?
፪ኛ. ችግኙን የሚሰጠን አካል የዝርያውን ስም በጽሑፍ ያረጋግጥልናል?
፫ኛ. አጸዱን የሚጠብቅና የሚገርዝ ማን ነው?
፬ኛ. የደረሰው ዘቢብ ለመሥዋዕት ከመቅረቡ በፊት አስተዳዳሪውና ሀገረ ስብከቱ አይተውታል?

ጠይቆ መትከል አያሳፍርም። እኛም ከአሁን በኋላ ወደ እናንተ ስንመጣ በመጀመሪያ የምንጠይቀው የዝርያውን ስም ነው። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።