የግቢ ሣር ማጠጫ ቫልቭ፤ ገንዘብ ከመሬት በታች እንዳይቀበር

በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የሚከራይ ቪላ ለሚያሠራ ባለሀብት የግቢ ሣር የጌጥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቤት ሊያይ የመጣ ተከራይ በመጀመሪያ የሚያየው ግቢውን ነው። በመዲናዪቱ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም የመንገድ ዳር ሣርና አበባን የከተማዪቱ የየዕለት ገጽታ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሣር አንድ ጊዜ ይተከላል፤ ውሃው ግን በየበጋው ይከፈልበታል። በጎማ ለማጠጣት ጊዜ ወይም ሠራተኛ የሚያጥረው ባለቤትም ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧና በስፕሪንክለር ማጠጣትን ይመርጣል።

ይህ መስመር ሲዘረጋ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በስፕሪንክለሩ ዋጋና በፓምፑ ጉልበት ላይ ያተኩራል። ሥራውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረው የቫልቮች ስብስብ፣ ባለሙያዎች ማኒፎልድ የሚሉት ክፍል ነው። ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ድርሻው አነስተኛ ነው። በደንብ ካልተሠራ ግን ግቢውን ደግሞ ለማስቆፈር የሚዳርገው እሱ ነው።

ለመሆኑ ማኒፎልድ ምንድን ነው?

ማኒፎልድ ከፓምፑ የሚመጣውን አንድ ዋና መስመር ተቀብሎ ለተለያዩ የግቢው ክፍሎች የሚያከፋፍል የቧንቧ መገጣጠሚያ ነው። በዋናው ቧንቧ ላይ በተርታ ቲ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ቲ ላይ አንድ ቫልቭ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ደግሞ አንድ ምድብ ስፕሪንክለር ያጠጣል። ሁሉም ቫልቮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ምክንያቱም የአንድ ግቢ ፓምፕ ሣሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማጠጣት ብዙውን ጊዜ አቅም የለውም።

ቫልቩ የሚሠራው በውሃው በራሱ ግፊት ነው። በውስጡ ዲያፍራም የሚባል የጎማ ሽፋን አለ። ከላዩ የተጠራቀመው ውሃ ሽፋኑን ተጭኖ መስመሩን ዘግቶ ይይዛል። ሶሌኖይድ የሚባለው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማግኔት የብረት ዘንጓን ሲስብ ከላይ ያለው ውሃ ያመልጣል፤ ሽፋኑም ተነሥቶ ውሃው ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ቫልቩ ራሱን ይዘጋል። ስለሆነም የመብራት መቋረጥ ግቢ አያጥለቀልቅም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ገዢው ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። ቫልቩ የሚዘጋው በውሃ ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ ከ1 ባር ገደማ በታች ከሆነ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ቫልቮች በሚገባ አይዘጉም። 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውሃ የሚሰጠው 1 ባር ያህል ግፊት ነው። እንግዲህ 6 ሜትር ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.6 ባር ብቻ ነው ማለት ነው። ቋሚ መርጫዎች 2 ባር ገደማ፣ ተሽከርካሪ መርጫዎች ደግሞ 3 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከማማ ላይ በሚወርድ ውሃ ብቻ ስፕሪንክለር ለማሠራት መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። ፓምፕ የግድ ያስፈልጋል።

ቫልቭ ከመግዛት በፊት በጀሪካን መለካት

የቫልቮቹን ብዛት የሚወስነው የግቢው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ በደቂቃ የሚያወጣው ውሃ ጭምር ነው። መለኪያውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ነው። ጀሪካኑ በ24 ሰከንድ ከሞላ መስመሩ በደቂቃ 50 ሊትር ይሰጣል። ጀሪካኑ የሚሞላው ግን ውሃው ያለ ተቃውሞ ሲፈስ ነው። ስፕሪንክለሩ በሚፈልገው 3 ባር ግፊት የሚወጣው ውሃ ከዚህ ያንሳል። በመሆኑም መለኪያው በመስመሩ ላይ የግፊት ሰዓት ተገጥሞ፣ መዝጊያው በከፊል ተዘግቶ ግፊቱ 3 ባር ላይ እንደቆመ ቢካሄድ ትክክለኛ ይሆናል። ከተገኘውም ውስጥ 80 በመቶው ብቻ፣ ማለትም 40 ሊትሩ ለስሌት ይያዛል።

ለምሳሌ ያህል 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ የሣር ሜዳ ቢወሰድ፣ በ6.7 ሜትር ርቀት 16 ተሽከርካሪ መርጫዎች ይተከሉበታል። በማዕዘን ላይ ያለው መርጫ የሚዞረው ሩብ ክብ፣ በዳር ያለው ግማሽ፣ በመሐል ያለው ደግሞ ሙሉ ክብ ነው። ሣሩ እኩል ውሃ እንዲያገኝ በማዕዘኑ በደቂቃ 3.5 ሊትር፣ በዳሩ 7፣ በመሐሉ 14 ሊትር የሚረጭ ቀዳዳ ይመረጣል። ሜዳው በአራት እኩል ቢከፈል በእያንዳንዱ ሩብ አንድ የማዕዘን፣ ሁለት የዳርና አንድ የመሐል መርጫ ይገኛል። ድምሩ በደቂቃ 31.5 ሊትር ነው። ይህም ከ40 ሊትሩ በታች ስለሆነ አንድ ቫልቭ ለአንድ ሩብ ይበቃል። ባለ 4 ቫልቭ ማኒፎልድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የፈሰሰ 1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በበጋ በየሁለት ቀኑ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጣ ቢባል 400 ካሬ ሜትሩ 3,200 ሊትር ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቫልቭ 25 ደቂቃ ያህል ይከፈታል፤ ሥራው በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ለሚገነባ ባለሀብት ይህ ስሌት ከሁሉ በፊት ሊሠራ ይገባዋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለአንድ ዙር እንኳ አይበቃምና።

በአንድ ቫልቭ ላይ ቋሚና ተሽከርካሪ መርጫ መቀላቀልም ተገቢ አይደለም። ቋሚው በተመሳሳይ ጊዜ ከተሽከርካሪው ብዙ እጥፍ ውሃ ስለሚያፈስ አንዱ ወገን ረግረግ ሲሆን ሌላው ወገን ቢጫ ይሆናል።

የጥርስ ጉዳይ

አስመጪዎችንም ሆነ ገዢዎችን ሊጎዳ የሚችለው ትልቁ ስሕተት የቧንቧ ጥርስ አለመጣጣም ነው። ዘመናዊው የሣር ማጠጫ ኢንዱስትሪ ጥልቅ ሥር ያለው በአሜሪካ ነው። በዓለም የታወቀው ሬይን በርድ የተባለው ስያሜ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1933 በካሊፎርኒያ ግዛት ግሌንዶራ በተባለች ከተማ ከተሠራው ተሽከርካሪ መርጫ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱ ቫልቮች ኤን.ፒ.ቲ. የሚባለውን ጥርስ ይይዛሉ። በእኛ ገበያ በተለምዶ የሚሸጡት የቧንቧ ዕቃዎች ደግሞ ቢ.ኤስ.ፒ. የተባለውን ጥርስ ይከተላሉ።

ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። በባለ 1 ኢንች ቫልቭ ላይ የአሜሪካው በአንድ ኢንች ውስጥ 11 ተኩል ጥርስ ሲኖረው ሌላው 11 ብቻ አለው። ስለዚህ ጥቂት ዙር ከገባ በኋላ ይነክሳል። በኃይል ሲጠበቅ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የግማሽና የሦስት ሩብ ኢንቹ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ያለ ችግር ይዞራሉ። ነገር ግን የአንዱ ጥርስ ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ የሌላው 55 ዲግሪ በመሆኑ ግፊት ሲመጣ ማንጠባጠቡ አይቀርም። በቴፍሎን ብዛት የሚሸፈን ጉድለትም አይደለም።

በመሆኑም ነጋዴው ትእዛዝ ሲልክ "ባለ 1 ኢንች ቫልቭ" ብሎ መጻፉ አይበቃውም፤ የጥርሱንም ዓይነት መጥቀስ አለበት። ገዢውም ኒፕል ይዞ ሱቅ መሄድና እዚያው በእጁ አዙሮ ማየት ይጠበቅበታል።

አገጣጠሙ

የማኒፎልዱ ቅደም ተከተል ከፓምፑ ወገን ሲጀመር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሁሉንም የሚዘጋ የእጅ መዝጊያ ይገባል። ቀጥሎ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ አሸዋ የሚይዝ ማጣሪያ ይቀመጣል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከዲያፍራሙ ሥር ከገባች ቫልቩ አይዘጋምና። የማጠጫው መስመር ከቤቱ የመጠጥ ውሃ ጋር ከተያያዘ ደግሞ ማዳበሪያና ጭቃ የነካው ውሃ ወደ ቤት እንዳይመለስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መመለሻ መከላከያ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ቲዎቹና ቫልቮቹ ይከተላሉ።

በዚህ ላይ አራት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ በቫልቮቹ መካከል ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ቦታ ለመቆጠብ ተጠጋግተው የተገጠሙ ቫልቮች ሲበላሹ ቁልፍ አይገባባቸውም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቫልቭ በፊትና በኋላ ዩኒየን ይግባ። ዩኒየን የሌለው ቫልቭ የሚወጣው ቧንቧው ተቆርጦ ነው፤ ዩኒየን ያለው ግን በደቂቃዎች ይፈታል። ሦስተኛ፣ በማኒፎልዱ መጨረሻ አንድ ትርፍ ቲ በክዳን ተዘግቶ ይቀመጥ። ነገ ግቢው ቢሰፋ ወይም አበባ ቢጨመር አምስተኛው ቫልቭ ያለ ቁፋሮ ይገባል። አራተኛ፣ በቫልቩ አካል ላይ ያለው ቀስት ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ እንደሚገባው አይሠራም።

በሚሽከረከረው መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን ከ3 እስከ 5 ዙር ይጠቀለላል። በእጅ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃዋል። የብረት ወንዴ በፕላስቲክ ሴቴ ውስጥ ማስገባት ለስንጥቅ ይዳርጋል። ፒ.ቪ.ሲ. በማጣበቂያ ከተሠራ ቧንቧው ይጸዳል፣ ማጣበቂያው ይቀባል፣ ሩብ ዙር እየዞረ ይገባል፣ ለግማሽ ደቂቃም ተይዞ ይቆያል። ከዚያ 24 ሰዓት ሳይሞላ ግፊት ባይለቀቅበት ይመረጣል። ቫልቮቹ ከመገጠማቸው በፊት ደግሞ ዋናው መስመር በውሃ መታጠብ አለበት። በቁፋሮ ጊዜ የገባው አፈርና የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ካልወጣ የመጀመሪያው ሰለባ ዲያፍራሙ ነው።

ሣጥኑና አፈሩ

ማኒፎልዱ የሚቀመጥበት ሣጥን ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይደረጋል፤ የገባው ውሃ እንዲሰርግ። ሣጥኑ በቧንቧው ላይ ሳይሆን በጡብ ወይም በጠጠሩ ላይ ይቀመጥ። ቧንቧው ላይ ካረፈ፣ የሣር ማጨጃ ወይም መኪና ሲወጣበት ጫናው መገጣጠሚያውን ይሰብራል።

እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ መረሬ አፈር በሚገኝባቸው አካባቢዎች ጥንቃቄው እጥፍ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከጠንካራው ማኒፎልድ ወደ ምድቦቹ የሚወጣው ቧንቧ አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይጎተታል። ከቫልቩ ቀጥሎ አንድ ሜትር ያህል የሚታጠፍ ጥቁር ፖሊ ኢትሊን ቧንቧ ማስገባት ይህን ጉተታ ያቀልላል።

ኤሌክትሪኩ

አብዛኛው ሶሌኖይድ የሚሠራው በ24 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። በሀገራችን ያለው መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ የተሠራ ባለ 120 ቮልት ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ የተለየ ሶሌኖይድ ይፈልጋሉ፤ ከባለ 24 ቮልቱ ጋር አይለዋወጡም። ሻጩ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ቀላቅሎ ማስቀመጥ የለበትም።

ለ4 ቫልቭ 5 ሽቦ ያስፈልጋል፤ አንዱ የጋራ ነው። ይሁንና ባለ 7 ሽቦ መቅበር ብልህነት ነው፤ የሽቦው ዋጋ ከዳግም ቁፋሮ ያንሳልና። የሽቦው መገጣጠሚያ ውሃ በማያስገባ፣ ግሪስ በተሞላ መያዣ መዘጋት አለበት። ቫልቭ አልከፍት ሲል የሶሌኖይዱ ተቃውሞ በመለኪያ ይታያል። የባለ 24 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ኦም ነው። ከዚያ በእጅጉ ከራቀ የሚለወጠው ሶሌኖይዱ ብቻ ነው፤ ቫልቩ አይጣልም።

ለገዢና ለደላላ

ስፕሪንክለር ያለው ግቢ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ሣሩን አይቶ ዋጋ መስጠት አይበቃም። የሣጥኑ ክዳን ይከፈት። ጠጠሩ ደረቅ ከሆነ መልካም ምልክት ነው፤ ውሃ ካቆረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው፣ መስመሩ በፓምፑ ግፊት ተሞልቶ የእጅ መዝጊያው ይዘጋ። በግፊት ሰዓቱ ላይ ያለው መርፌ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወረደ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንዲሉ፣ በደቂቃ ሩብ ሊትር ብቻ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ በቀን 360 ሊትር፣ በ30 ቀን 10,800 ሊትር ያፈሳል። በቦቴ ውሃ ለሚገዛ ሆቴል ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ባለሀብቱ ከተቋራጩ ጋር ሲዋዋል ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያሰፍር ይጠቀማል፤ ማኒፎልዱ አፈር ከመልበሱ በፊት በግፊት እንዲፈተሽ፣ የቧንቧውና የሽቦው መስመር በወረቀት ተሥሎ እንዲሰጠው፣ የመጨረሻውም ክፍያ ከእነዚህ በኋላ እንዲፈጸም። ነጋዴው በበኩሉ ቫልቩን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ ዲያፍራሙን፣ ሶሌኖይዱንና ዩኒየኑን አብሮ ቢያስመጣ ያዋጣዋል። ቫልቭ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ለጥገናው ግን ደንበኛው ደጋግሞ ወደ ሱቁ ይመለሳል።