ቅድሚያ የከፈላችሁት ብር የማንን ማሽን እየሠራ ነው?

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት አንድ ትምህርት ላካፍላችሁ። ጉዳዩ የማሽን አምራች ድርጅት የገንዘብ አያያዝ ነው። "እኛን ምን አገባን?" እንዳትሉ፤ ዞሮ ዞሮ ጣጣው የሚያርፈው ኩንታላችን ላይ ነው።

አምና መካነ ኢየሱስ ላለው መጋዘኔ የባቄላ ማበጠሪያ ማሽን አዝዤ 70 በመቶውን ቀድሜ ከፈልኩ። መኸሩ ደረሰ፣ ማሽኑ የለም። ሄጄ ሳይ ብረቱ እንኳ አልተገዛም። የእኔ ብር ከእኔ በፊት ላዘዘው ሰው ማሽን መጨረሻ ሆኗል፤ የእኔ ደግሞ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ብር ሊሠራ ነው። 400 ኩንታል ባቄላ ሳይበጠር ሸጥኩ። ገዢው በኩንታል 200 ብር ቆረጠብኝ፤ 80 ሺህ ብር ሄደ ማለት ነው። የሚገርመው ባለሙያዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ብየዳቸው እንከን የለውም። የጎደለው ሒሳቡ ነው።

በትልቁ ደግሞ ሜቴክን አስታውሱ። በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቁሞ ስኳር ፋብሪካውንም፣ ማዳበሪያ ፋብሪካውንም፣ ትራክተሩንም፣ የህዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራም ያዘ። የያዩ ፋብሪካ ማዳበሪያ ሳያወጣ ቀረ። የእኛው ክልል የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ዘግይቶ ለሌላ ተቋራጭ ተሰጠ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡም ሥራ ተነጠቀ። የሜቴክ ጉዳይ ሌላም ብዙ ጣጣ አለበት፤ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ይሄ ነው፦ ትዕዛዝ መብዛቱ ትርፍ አይደለም፤ ሠርተው ያላስረከቡት ትዕዛዝ ዕዳ ነው።

ስለዚህ፦

1. ወርክሾፕ ያላችሁ ዩኒየኖች፣ ቅድሚያ ክፍያን እንደ ሽያጭ አትቁጠሩ። ማሽኑ እስኪረከብ የደንበኛው ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ለብቻው መዝገብ ክፈቱ፤ ብረት፣ ሞተር፣ የሰው ጉልበት፣ መብራት፣ ትራንስፖርት ሁሉም ይግባበት።

2. የብረት ዋጋ አይታመንም። ፕሮፎርማችሁ ለስንት ቀን እንደሚጸና ጻፉ።

3. ገዢዎች፣ ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፍሉት። ለምሳሌ 30 በመቶ ሲፈረም፣ 40 በመቶ ብረቱና ሞተሩ ግቢ ገብቶ በዓይናችሁ ስታዩት፣ 20 በመቶ በራሳችሁ እህል ሲሞከር። ቀሪው 10 በመቶ አንድ ወቅት ከሠራ በኋላ ይከፈል። ገንዘቡ ከበድ ካለ የባንክ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ጠይቁ።

4. የመረከቢያ ቀኑና የመዘግየት ቅጣቱ ውሉ ላይ ይግባ። ቀኑን ከመኸሩ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ባቄላ ኅዳር ላይ የሚወቃ ከሆነ ማሽኑ መስከረም ላይ መሞከር አለበት።

ዘንድሮ እኔ በግንቦት ተዋውያለሁ፣ ያውም በደረጃ ክፍያ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እንግዲህ ወረቀቱን ቀድማችሁ አስይዙት።

መልካም ገበያ!