በድርቅ ጊዜ ከዱር አራዊት የሚደርሰውን ጉዳት ስለመከላከል

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን ክፉኛ የጎዳውን ዓይነት ድርቅ በደረሰ ጊዜ ከሰው አስቀድሞ የሚያልቀው የቤት እንስሳ ነው። በድኑ ሳይቀበር በየሜዳው ሲቀር ጅብ መንደር ይለምዳል። ጥንቡ ባለቀ ጊዜም ከለመደበት ስለማይርቅ፣ ፊቱን በሕይወት ወዳለው እንስሳ ያዞራል።

ይህን የሚያስረዳ ጥናት በትግራይ ተካሂዶ በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። በዐቢይ ጾም እርድ ስለሚቋረጥ ለጅብ የሚተርፈው ትራፊ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት የአህያ ጠጉር የተገኘበት የጅብ ዓይነ ምድር ከ14.8 በመቶ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል።

ለአምባሰል ገበሬ የአህያ መበላት ቀላል ጉዳት አይደለም። ከሐይቅ ከተማ የተቀበለውን የእርዳታ እህል ወደ ተራራው የምታደርስለት እርሷ ናት። እርሷ ከሌለች ስንዴው በመጋዘን እያለ ቤተ ሰቡ ይራባል። ስለሆነም የመስክ ሠራተኞችና የቀበሌ ኃላፊዎች የሚከተሉትን ሊያስፈጽሙ ይገባል።

ሀ/ እንስሳ በሞተበት ዕለት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ላዩም በድንጋይ ይሸፈን። የሞተው በአባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይገፈፍ፣ ሥጋውም አይበላ። የሐይቁ ውሃ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው ጉድጓዱ ከሐይቁ ዳርና ከምንጭ ይራቅ።

ለ/ ከአምባው የሚወርደው ሕዝብ ሳይመሽ ከቤቱ እንዲገባ እደላው በማለዳ ይጀመር፤ የሩቅ አገር ሰው ቅድሚያ ያግኝ። ማደር ግድ ቢሆን ሕፃናትና ሕሙማን በሜዳ አይደሩ።

ሐ/ አህያ በእሾህ በታጠረና በሩ በተዘጋ በረት ትደር።

መ/ ማሳን ከዝንጀሮ መጠበቅ ለልጆች ብቻ አይተው፤ ጎረቤታሞች በተራ ይጠብቁ።

ሠ/ ለጅብ መርዝ አይቀመጥ። መርዙ ውሻውንና ጥንብ የሚያጸዳውን አሞራ ጭምር ይጨርሳል።

ረ/ በጅብ፣ በቀበሮ ወይም በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይዘገይም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደሚሰጥበት የጤና ድርጅት ይላክ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የመዳን ተስፋ የለም ማለት ይቻላል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ብዙ የወሎ ገበሬዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ ስፍራዎች እንዲሰፍሩ ተደርጎ ነበር። የደጋ ሰው የቆላውን አውሬ ጠባይ ስለማያውቅ፣ ሰፈራ በሚታቀድበት ስፍራ ሁሉ ጎጆ ከመቀለሱ በፊት የነባሩን ሕዝብ ልምድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት አህያዋን አይመልስም። ጥንቃቄው በድኑ ሜዳ ላይ በወደቀበት ዕለት መጀመር አለበት።