የደብርን ደን በድምፅ፥ በሥዕልና በጭፈራ ስለ ማጥናት

ደን የብዙ ፍጥረት ማኅበር ነው። በውስጡ ዛፉና ቍጥቋጦው፥ ሐረጉና ሣሩ፥ ወፉና ንቡ፥ ጕንዳኑና ምስጡ፥ ከረገፈው ቅጠል በታች የሚበቅለው እንጉዳይም፥ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፥ አንዱም ለሌላው እየሰጠ ይኖራል። ዛፍ ፍሬውን ለወፍ ይሰጣል፤ ወፍም ፍሬውን በልታ ዘሩን ራቅ ካለ ቦታ ትጥላለች። የረገፈውን ቅጠል ምስጥና እንጉዳይ ያፈርሱታል፤ የፈረሰውም ከዐፈር ጋራ ተቀላቅሎ የዛፉን ሥር መልሶ ይመግባል። ይህን መቀባበል የሚመረምረው ትምህርት በአውሮፓ ቋንቋ ኤኮሎጂ ይባላል። የመንደር ትምህርት ቤት የምርመራ መሣሪያ ባይኖረውም ይህን ትምህርት ለመጀመር አይቸገርም፤ ከሰል፥ ከበሮና የልጆች እግር ካለ ይበቃዋልና።

ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የደብር ደን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፥ ይልቁንም በደቡብ ጎንደር፥ መንገደኛ ከከፍታ ላይ ቁሞ ሲመለከት እርሻውና ግጦሹ ተንጣሎ ይታየዋል፤ በመካከሉም እዚህና እዚያ ክብ ሁኖ የጠቈረ ዛፍ ያያል። ወደዚያ ቢሄድ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለእርሻ፥ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ሲያልቅ፥ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ክብሩ ተጠብቆ ቀረ። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓመት ባሳተሙት ጥናት 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከነዚህ ደኖች ትንሹ ሁለት ሄክታር አይሞላም፤ ትልቁ 100 ሄክታር ያህላል። ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ጥቁር እንጨቱ ከሜዳው ላይ ከጠፋ በኋላ ዘር የሚፈልግ ሰው ወደ ደብሩ ይሄዳል።

ታላላቅ ዛፎች ቁመው ስለ ታዩ ግን ደኑ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት፥ የሕፃን ልቅሶ የማይሰማበት ቤት ምን ተስፋ አለው? በብዙ ደብር ከብት ወደ ዐጸዱ ይገባል፤ የበቀለውን ችግኝ ይግጣል፥ ያልጋጠውንም ይረግጣል። በ2009 የታተመ የነዚሁ ሊቃውንት ጥናት፥ ከብት እንዳይገባበት በታጠረ ቦታና ባልታጠረ ቦታ ያለውን ችግኝ አስተያይቶ፥ በታጠረው ውስጥ የሚበቅለውና በሕይወት የሚቈየው እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዘሩ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቈያልና እናቲቱ ዛፍ ብትወድቅም ኋላ ይበቅላል የሚል ቢኖር፥ ይህም የሚታመን ተስፋ አይደለም። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት እንደ ገለጸው፥ ከነዚህ ደኖች ዛፎች የሚበዙት ዘራቸውን በዐፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያከማቹም። እናት ስትሞት ጐተራውም ባዶ ሁኖ ይገኛል።

የዚህ ጥፋት ክፋቱ ዝግታው ነው። ሰው በልጅነቱ ያየውን ወይራ ሸምግሎም እንደ ቆመ ስለሚያገኘው የደኑን ማርጀት ልብ አይለውም። በሰሌዳ ላይ ቢጻፍለትም ያነበዋል እንጂ አያየውም። ጭፈራ ለዚህ ይጠቅማል፤ መቶውን ዓመት በጥቂት የከበሮ ምት አሳጥሮ በዐይን ፊት ያቆመዋልና።

የዕፀዋትን ነገር በሰውነት እንቅስቃሴ መግለጽም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በሊቅነታቸውና በጨዋታቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና በጣና ሐይቅ በነበሩበት ጊዜ፥ ማዕበሉንና በዳር የቆመው ደንገል ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ በደብረ ታቦርም ጸንቶ እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም እየተባለ ይጠራል። ሊቁ ከደንገል ከተማሩ፥ የመንደር ልጅ ከወይራ ቢማር ነውር የለውም። ይሁን እንጂ ዝማሜ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተለየ ነውና በትምህርት ቤት ሜዳ ለጨዋታ ሊደረግ አይገባም፤ ለዚህ እስክስታና የእረኛ ጭፈራ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው ከደብሩ አለቃ ፈቃድ ተቀብሎ ልጆቹን በማለዳ ወደ ዐጸዱ ይወስዳል። ልጆቹ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጡና ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አስተማሪው በልቡ እስከ 200 እስኪቈጥር ድረስ የሚናገር አይኖርም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሰማውን በአፉ መልሶ ያሰማል፤ የእርግብን ድምፅ፥ የንብን ጥዝታ፥ ነፋስ በጽድ ላይ ሲያልፍ የሚሰማውን ሹክሹክታ፥ የደረቀ ቅጠል መንኰሻኰሽን። ዝም ያለ ልጅ ቢኖር አይወቀስ፤ ከሁሉ ይልቅ ያዳመጠ እርሱ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ከደኑ ወጥተው በእርሻው ዳር ተቀምጠው እንዲሁ ያዳምጣሉ። የድምፁን ማነስ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። እኩለ ቀን ሲቀርብ መዳፋቸውን በሁለቱም ስፍራ ከዐፈሩ ላይ ቢያኖሩ፥ ከጥላው በታች ያለው ቀዝቃዛና እርጥብ፥ በተራቈተው ሜዳ ያለው የጋለና የደረቀ ሁኖ ያገኙታል። ችግኝ በየትኛው ማደግ እንደሚቀለው ያን ጊዜ ቢጠየቁ መልሱ አይጠፋቸውም።

በማግሥቱ ሥዕሉ ይሠራል። ወረቀት ቢገኝ ብዙው ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ባይገኝ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይበቃል። ቀለሙ ከመንደሩ ይወጣል፤ ጥቁሩ ከከሰል፥ ቀዩ ከቀይ ዐፈር፥ አረንጓዴው ከተወቀጠ ቅጠል። የብራና ጸሓፊዎች ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከቅጠል እያወጡ የኖሩ ናቸውና በመንደሩ አንድ ካለ ቢጠየቅ መልካም ነው። ሥዕሉ የአንድ ልጅ ሥራ አይሆንም፤ አንዱ ግንዱን ቢነድፍ ሌላው ሥሩን፥ ሦስተኛው ወፏን ይጨምራል። አንድ ሕግ ግን አለ። የተሣለው ፍጥረት ሁሉ ቢያንስ ከሁለት ሌሎች ጋራ በመስመር ይያያዛል፤ የሣለውም ልጅ መስመሩ መብል፥ ጥላ ወይም ዘር መሸከም መሆኑን ይናገራል።

ሾላን የሣለ ልጅ ወደ ወፍና ወደ ጦጣ መስመር ይስባል፤ አስተማሪው ግን የነጥብ ያህል የሆነች ተርብ ያስጨምረዋል። የሾላ አበባ በፍሬው ውስጥ ተሰውሮ ስለሚገኝ ከውጭ አይታይም። ያች ደቃቃ ተርብ በፍሬው አፍ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ገብታ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታደርሳለች፥ ዕንቍላሏንም በዚያው ትጥላለች። እርሷ ከሌለች ሾላው ዘር አይዝም። ሾላ ሳያብብ ያፈራል ሲባል የሰማ ልጅ ሁሉ ፍሬውን ከፍሎ ይመልከት።

ወደ ጭፈራው ሲመጣ መምህሪቱ ንብ ናት። ኦስትሪያዊው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን ጭፈራ ፍች ገልጠው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓመት የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋራ ተቀብለዋል። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ፥ በጨለማው ውስጥ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ገላዋን እያርገበገበች በቀጥታ ትሮጣለች፤ ዞራ ተመልሳም ትደግመዋለች። ሩጫዋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢሆን አበባው በፀሐይ በኩል ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደ ሆነም ያንኑ ያህል ከፀሐይ በስተ ቀኝ ነው። እየተርገበገበች የምትሮጥበት ጊዜ በረዘመ መጠን የአበባው ቦታ ይርቃል። የቀሩት ንቦች ይህን በጨለማ ዳስሰው ተረድተው ይበራሉ።

ልጆቹ ይህን ይሞክሩታል። አስተማሪው አንድ አበባ ከትምህርት ቤቱ ርቆ ይሸሽግና ለአንዲት ልጅ ብቻ ያሳያታል። እርሷም በክፍሉ ውስጥ የፊተኛው ግድግዳ የፀሐይ ምልክት ሁኖላት፥ በእስክስታ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ወደ ተገባው ማዕዘን ትሄዳለች፤ በሩቅ ላለ ብዙ፥ በቅርብ ላለ ጥቂት ትመታለች። የቀሩት ማዕዘኑንና የምቱን ብዛት ልብ አድርገው ይወጡና፥ ፀሐይን ትኵር ብለው ሳያዩ ፊታቸውን ወደ እርሷ በኩል መልሰው፥ ያንኑ ያህል ዞረው ይሄዳሉ። ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ጨዋታው አይቀናም፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይደረግ። አበባውን የሚስቱ ይበዛሉ፤ በዚህም የንብን ጥበብ ያደንቃሉ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ይመጣል፤ ይኸውም የዓመታት ጭፈራ ነው። ልጆቹ 30 ቢሆኑ 8ቱ ታላላቅ ዛፎች ሁነው እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ 12ቱ ችግኞች ሁነው ከመሬት ይቀመጣሉ፤ 4ቱ ወፎች፥ 2ቱ ንቦች፥ 4ቱ ከብቶች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዛፍ በመጀመሪያው ቀን ከተሰማው ድምፅ አንዱን ይይዛል፤ ቁሞ ሳለ ያሰማዋል፥ ሲወድቅ ዝም ይላል። አስተማሪው ከበሮውን አንድ ጊዜ በመታ ቍጥር 10 ዓመት ያልፋል።

በፊተኛው ዙር ከብቶቹ በሜዳው ዳር ይቈያሉ። ንቦቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየጨፈሩ ይዞራሉ፤ ወፎቹ ችግኞቹን እጃቸውን ይዘው ወደ ባዶው ቦታ ያደርሷቸዋል። በየምቱ ችግኞቹ በጥቂቱ ከፍ ይላሉ፤ ቀድሞ ይንበረከካሉ፥ ቀጥሎ ጐንበስ ብለው ይነሣሉ፥ ኋላም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በየሁለቱ ምት አንድ ታላቅ ዛፍ ይወድቃል፤ የወደቀው በስብሶ ምግብ ይሆናልና በአጠገቡ ያለውን ችግኝ ደግፎ ያስነሣዋል፥ ድምፁንም በጆሮው ያቀብለዋል። ከ16 ምት በኋላ ቀድሞ ከቆሙት አንድ እንኳ አይቀርም፤ ሜዳው ግን በቆሙ ልጆች የተሞላ ነው፥ ስምንቱም ድምፅ ይሰማል።

በሁለተኛው ዙር ከብቶቹ ይገባሉ። ከብት የሆኑት ልጆች እንደ ክፉ እንዲቈጠሩ አይደረግ፤ ላም በልታ ማደር አለባት። የነኩት ችግኝ ከሜዳው ወጥቶ በዳር ይቀመጣል። በመጀመሪያው ምት ተመልካች የሚያዝንበት ነገር አያይም፤ ስምንቱ ዛፎች እንደ ቆሙ ናቸውና ደኑ ያማረ ይመስላል። ከ4 ምት በኋላ ሁለቱ ወድቀዋል፥ የተካቸውም የለም። ከ10 ምት በኋላ ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ ወፎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሜዳውን አቋርጠው መሮጥ ይሆንባቸዋል፥ የሚሸከሙትንም ዘር ያጣሉ። ከብቶቹም ራሳቸው በበጋ ፀሐይ የሚጠለሉበት ያጣሉ። በ16ኛው ምት የሚሰማ ድምፅ አይኖርም። ከበሮው ሁለት ሦስት ጊዜ በባዶው ሜዳ ላይ ይመታ፤ አስተማሪውም በዚህ ጊዜ ምንም ባይናገር ይሻላል።

ሦስተኛው ዙር የልጆቹ ፈንታ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው አጥር ይሆኑ ዘንድ፥ አጥሩን ወዴት እንደሚያሳልፉ ራሳቸው ይመክራሉ። ከብት የሆኑት በዚህ ጊዜ ዝም አይሉም፤ ቤታቸው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸውና፥ በግንቦት ግጦሽ ሲያልቅ ወዴት እንሂድ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። ሣሩ በዐጸዱ ውስጥ ታጭዶ ወደ ከብቱ ይውጣ የሚል ቢገኝ፥ አጫጁ ችግኙን ከሣሩ ለይቶ ማወቅ ስለሚያስፈልገው የሥዕሉ ጥቅም በዚህም ይታያል።

ጭፈራው ጨዋታ ብቻ ሁኖ እንዳይቀር ልጆቹ ወደ ዐጸዱ ተመልሰው ይቈጥራሉ። ዐሥር ርምጃ በዐሥር ርምጃ የሆነ ቦታ በገመድ ይከለላል፤ አንዱ ከብት በሚያልፍበት በኩል፥ ሌላው ከብት በማይደርስበት ይሁን። ከጕልበት በታች የሆነው፥ ከጕልበት እስከ ራስ የሚደርሰው፥ ከራስ በላይ ያለውም ለየብቻው ይጻፋል። ለማየት ሲባል ችግኝ አይነቀልም፤ ስሙ ያልታወቀውንም ሽማግሌዎችና መድኀኒት ዐዋቂዎች ይጠየቃሉ። የተገኘው ቍጥር በሥዕሉ ላይ በየቦታው ይጨመራል።

ሥዕሉ ከተፈጸመ በኋላ በበዓል ቀን፥ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ከዐጸዱ ውጭ ባለው ሜዳ ሲቀመጥ ይዘረጋል፤ ልጆቹም ሁለቱን ዙር ያሳያሉ። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ ደብር ምእመናኑ ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ዐጸዱን አጥረዋል፤ እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ ችግኙም ከከብት ዳነ። ካቡ በየት እንደሚያልፍ፥ በሩ ስንት እንደሚሆን፥ ከብቱም በበጋ የት እንደሚውል የሚቈርጡት ካህናቱና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። የልጆቹ ሥራ፥ የቈጠሩትን ቦታ አራት ማዕዘኑን በችካል ምልክት አድርገው፥ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ያንኑ ቦታ ደግመው መቍጠርና ቍጥሩን ከዐምናው አጠገብ መጻፍ ነው።