ቤቱ በወባ ተኝቶ የሕፃን ልደት ሲደርስ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። በዚህ ወቅት የተወለደ ልጅ ልደቱ የሚደርሰው አባት በጋቢ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ፣ እናት ራሷን በሻሽ አስራ ስትተኛ ሊሆን ይችላል። ልደቱ ይቅር ማለት ይቀላል። እኔ ግን አይቅር ባይ ነኝ፤ ቤቱ ጭር ያለበት፣ «ዝም በል፣ እማዬ ታማለች» እየተባለ የሰነበተ ሕፃን ያችን አንድ ሰዓት ከማንም በላይ ይፈልጋታል። ብቻ ድግሱ በመድኃኒቱ ሰዓት ይመራ።

ደረጃ 1፦ ተመርምረው ሕመሙን ይወቁ

ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። በጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ይታወቃል፤ የልደቱንም መልክ የሚወስነው ይኸው ውጤት ነው። ወባ በትንኝ ንክሻ እንጂ በትንፋሽ ወይም በመነካካት አይተላለፍም። የታመመች እናት ልጇን ብታቅፍ፣ ብትስም፣ ብታጎርስ ወባ አታስይዘውም። ጉንፋን ወይም ሳል ከሆነ ግን የጎረቤት ልጆች አይጠሩ፤ ሻማውም ዳቦው ላይ አይሰካ፣ ሲነፋ ምራቅ ይረጫልና። ተቅማጥ የያዘው ሰው ምግብ አያዘጋጅ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ከኮአርተሙ ጋር ያስማሙ

ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የጀመረ፣ 11 ሰዓት ላይ ይደግማል። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ነው። የመጀመሪያው ቀን የብርድ ብርዱ፣ የቃጠሎውና የላቡ ቀን ስለሆነ ለእንግዳ አይመችም። ልደቱ እዚያ ላይ ከወደቀ ያለ ጸጸት ወደ ሦስተኛው ቀን ይግፉት። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም፤ «ዛሬ ልደትህ ነው» ያሉት ቀን ልደቱ ነው።

ከታመሙት አንዱ፣ በተለይ ሕፃኑ ራሱ፣ ራሱን ስቶ ካንቀጠቀጠው፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ ልደት የለም። ቀንም ይሁን ሌሊት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ዳቦውን ጎረቤት ይጋግርልዎ

የክሬም ኬክ በሮቢት ሙቀት ብዙ አይቆይም፤ ድፎ ይሻላል። ድፎው ሌላም ጥቅም አለው። ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ቅባት ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ እስከ 16 እጥፍ የበለጠ እንደሚገባ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የልደቱ ቁራሽ ቅቤ ተቀብቶ፣ ከአንድ ስኒ ወተት ጋር የጠዋቱን መድኃኒት ይከተል። በጾም ቀን ለሕመምተኛው ቅቤውን የንስሐ አባት እንዲፈቅዱለት ይጠይቁ፤ ካልሆነም ዘይት ያለበት ምግብ ይብላ።

ለጋጋሪዋ ጎረቤት አንድ ኪሎ ዱቄት፣ ግማሽ ስኒ ዘይት፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ይላኩላት። በቆላ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ስለሚልና ካደረም ስለሚኮመጥጥ፣ ማታ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ይቦካ። የሙዝ ቅጠል እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ ከሥርም ከላይም ታልብሰዋለች። ሲበስል ቅጠሉ ጠቁሮ ጥርት ብሎ ይላቀቃል፣ የጅማቱም መስመር በዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ይቀራል። ሕፃናት ያንን መስመር በጣታቸው መከተል ይወዳሉ፤ ሳይቆረስ በፊት ልጁ እንዲነካው ይፍቀዱለት።

በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ «እግዜር ይማራችሁ» የሚለውም «አላህ ያሽራችሁ» የሚለውም በአንድ በር ይገባል። ሥጋ ሁለቱን ስለሚለያይ ገበታው ላይ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ፓፓያና ፈንዲሻ ብቻ ይሁን። ፈንዲሻው ግን ለትልልቆቹ ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቀው ይችላል። ያልተነፋና የፈነዳ ፊኛም እንዲሁ፤ ወዲያው ይለቀም።

ደረጃ 4፦ ጠዋት ያክብሩ፣ ቶሎ ይጨርሱ

ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሁሉ ይመቻል። መድኃኒቱ ተወስዷል፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። ጠዋት ካልሆነ 10 ሰዓት ላይ ይጀመርና እንግዶች ሳይመሽ ይግቡ፤ የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ቡናው ውጭ፣ ጥላ ሥር ይፈላ። የዕጣን ጭስ ያቅለሸለሸውን ሰው ወደ ማስመለስ ይወስደዋል። መነሣት ያልቻለ ሰው አልጋው ወደ በሩ ይጠጋለትና ከዚያ ሆኖ ያጨብጭብ። አጎበሩ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይሰቀል፤ ሻማውም ከእሱ ይራቅ፣ የአጎበር ክር እሳት ከነካው ይቀጣጠላል። ጤነኛው ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ዳቦውን ይያዝ፣ ልጁ ይንፋ፣ ይቆረስ። ባለልደቱ ራሱ ከታመመ በእናቱ ጭን ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ ከደጋ የሚመጡትን ዘመዶች በስልክ ያሳትፉ

በደብረ ብርሃን ያሉ አያት ጣርማ በርን ወርደው ልምጣ ማለታቸው አይቀርም። ወባ በሌለበት ደጋ የኖረ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ሲይዘው ይከፋበታል። «እማማ፣ ወባው ጋብ ሲል ይመጣሉ፣ አሁን በስልክ ይመርቁት» ቢሏቸው ይረዳሉ። እመጣለሁ ካሉ አጎበር ያለው አልጋ ይዘጋጅላቸው።

ደረጃ 6፦ ለማታው መድኃኒት ያስቀሩ

ከዳቦው ለማታው የሚሆን ቁራሽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ትኩሳቱ ስለተወ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ወባው ቫይቫክስ የሚባለው ከሆነ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኪን ለ14 ቀን ሊታዘዝ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ግን አትወስደውም። የቀረውን ዳቦ ሳይሻግት ለጎረቤት ያከፋፍሉ፤ ለጋገረችው ትልቁን ይስጡ።